ስልኬ ያለሁበትን ያውቃል፤ አምቡላንሱ ግን ለምን ጠፋበት?

ባለፈው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዷ ሌሊት ከአያቷ ጋር ብቻዋን ነበረች። እናቷ የሌሊት ተረኛ ነበሩ። አያቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ራሳቸውን ሳቱ። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ስልክ አንስታ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር ደወለች። ከወዲያኛው በኩል የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ነሽ?» የሚል ነበር። እሷም «ቤት ነኝ» አለች። የሰፈሩን ስም ተናገረች፤ የሕንፃውን ቁጥር ግን አታውቀውም። አምቡላንሱ ተመሳሳይ ስም ወዳለው ሌላ ሰፈር ሄዶ ሲዞር ቆይቶ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደረሰ። አያቷ፣ ተመስገን፣ ዛሬ ደህና ናቸው።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ እማዬ በስልኳ ታክሲ ስትጠራ ሹፌሩ በራችን ድረስ ይመጣል። ስልኩ ያለንበትን ካወቀ አምቡላንሱ ለምን ጠፋበት?»

በዚያን ቀን የሰጠኋት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተሟላውን መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። መልሱ ግማሹ ፊዚክስ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሕግ ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የቤት ስልክ አድራሻ ነበረው

ለአደጋ ጊዜ አንድ አጭር ቁጥር የማዘጋጀት ሐሳብ የቆየ ነው። በለንደን ከተማ 999 ሥራ የጀመረው በ1937 ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው በ1968 በአላባማ ግዛት፣ ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። የአውሮፓ አገሮች 112 የጋራ ቁጥራቸው እንዲሆን በ1991 ወሰኑ።

በዚያ ዘመን ስልክ ማለት ከግድግዳ በሽቦ የተያያዘ ዕቃ ነበር። እያንዳንዱ መስመር በስልክ ድርጅቱ መዝገብ ላይ የደንበኛው ስምና የቤቱ አድራሻ ተጽፎለታል። የጥሪ ማዕከሎቹ እየዘመኑ ሲሄዱ ደዋዩ መናገር ባይችል እንኳ አድራሻው በኦፕሬተሩ ፊት መታየት ጀመረ። ሰውዬው ጉሮሮው ታንቆ ቢሆን፣ ሕፃን ልጅ ደውሎ ቢያለቅስ፣ ወይም ሌባ ቤት ገብቶ ደዋዩ ድምፅ ማሰማት ቢፈራ፣ ፖሊስና አምቡላንስ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር።

ሞባይል መጣና ይህን ነገር አፈረሰው። የሞባይል ቁጥር የሰው እንጂ የቤት አይደለም። ጠዋት እዚህ፣ ማታ ሌላ ቦታ ነው። ሰዎች የቤት ስልካቸውን እየተዉ ሲሄዱ የጥሪ ማዕከሎች ሳያስቡት ዕውር ሆኑ። የ2010ሮቹ ዓመታት ላይ ስንደርስ በአሜሪካ ወደ 911 ከሚደረጉት 10 ጥሪዎች 7 ያህሉ ከሞባይል የሚመጡ ሆነው ነበር።

2. ስልክ ያለበት ቦታ እንዴት ይታወቃል?

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ የፊዚክስ ደብተራችሁን አውጡ። ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

ሀ. የኔትወርክ ታወር። ስልካችን ሁልጊዜ ከአንድ ታወር ጋር የተገናኘ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ቢያንስ የትኛው ታወር ክልል ውስጥ እንዳለን ያውቃል። ይሁን እንጂ የአንድ ታወር ክልል በከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች፣ በገጠር ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ሊሆን ይችላል። ይህን ብቻ ይዞ ሰው መፈለግ «መርካቶ ውስጥ ነው» ተብሎ እንደመላክ ነው።

ለ. ከብዙ ታወሮች የሚለካ ጊዜ። የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሞገዱ ከስልኩ ወደ ሦስት ታወሮች የደረሰበት ጊዜ ልዩነት ከታወቀ ቦታውን ማስላት ይቻላል። ችግሩ የጊዜው ትንሽነት ነው። በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ብርሃን 300 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓታችን በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ቢዛነፍ ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል።

ሐ. ሳተላይት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። ስልኩ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝ ኬንትሮሱን፣ ኬክሮሱንና ከፍታውን ማስላት ይችላል። አራተኛው ሳተላይት የሚያስፈልገው የስልኩ ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ነበር፤ ይህን ያቆመው በግንቦት 2000 ነው። ጂፒኤስ በግልጽ ሰማይ ሥር እጅግ ጥሩ ነው። ከኮንክሪት ጣሪያ ሥር ግን ምልክቱ ይዳከማል ወይም ይጠፋል።

መ. ዋይፋይ። በከተማ ውስጥ በየቤቱና በየሱቁ የዋይፋይ መሣሪያ አለ። ስልኩ በዙሪያው የሚሰማቸውን መሣሪያዎች መለያ ቀደም ብሎ ከተጠናቀረ ካርታ ጋር ያመሳክራል። ይህ ጂፒኤስ በማይደርስበት ቤት ውስጥ ጥሩ ይሠራል።

አሁን የልጅቷን ጥያቄ ግማሽ እንመልስ። ታክሲ ስንጠራ ስልኩ ራሱ ጂፒኤሱንና ዋይፋዩን አጣምሮ ያሰላውን ቦታ በኢንተርኔት ወደ ታክሲ ኩባንያው ይልካል። ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር ስንደውል ግን የሚሄደው ድምፃችን ነው። መንገዱም ሌላ ነው፤ በድምፅ ጥሪው መንገድ ስልኩ ያወቀውን ለጥሪ ማዕከሉ የሚያቀብል አካል ካልተዘጋጀ ዕውቀቱ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ይህን የሚያስተካክለው ምህንድስና ብቻ አይደለም፤ ግዴታ ያስፈልጋል። ወደ ሕጉ እንሂድ።

3. አሜሪካ፦ በሜትርና በመቶኛ የተጻፈ ሕግ

በአሜሪካ ይህን ጉዳይ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ1996 የመጀመሪያውን ደንብ አወጣ። ደንቡ ሁለት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያው ደረጃ ኩባንያዎች የደዋዩን ቁጥርና የተገናኘበትን ታወር ለጥሪ ማዕከሉ መስጠት ነበረባቸው። በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ የደዋዩን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲሰጡ ተጠየቁ።

«ቦታውን ስጡ» ማለት ብቻ ግን በቂ አይደለም። ምን ያህል ትክክል? በ1999 በተሻሻለው ደንብ መሠረት በኔትወርክ የሚለኩ ኩባንያዎች ከጥሪዎቹ 67 በመቶውን በ100 ሜትር ውስጥ፣ 95 በመቶውን በ300 ሜትር ውስጥ ማግኘት ነበረባቸው። በስልኩ ውስጥ ባለ ጂፒኤስ ለሚጠቀሙት ደግሞ ልኩ ጠበቅ ብሎ 67 በመቶው በ50 ሜትር፣ 95 በመቶው በ150 ሜትር ተደረገ።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ እናንብባቸው። 100 ሰዎች ደወሉ እንበል። በመጀመሪያው ልክ መሠረት 67ቱ በ100 ሜትር ውስጥ ይገኛሉ። ሌሎች 28ቱ በ300 ሜትር ውስጥ ይገኛሉ። የቀሩት 5 ሰዎችስ? ስለ እነሱ ደንቡ ምንም አይልም። 1 ኪሎ ሜትርም 10 ኪሎ ሜትርም ቢሳሳት ኩባንያው ሕግ አክብሯል። መቶኛ የተጻፈበት ሕግ ሁሉ ከቁጥሩ ውጭ የሚቀሩ ሰዎች አሉት፤ ጥሩ አንባቢ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ስለ እነሱ ነው።

ሁለተኛ ቀዳዳም ነበረ። ልኬቱ የሚወሰደው ከየት ነው? አንድ ኩባንያ ሜዳ በሆነ አካባቢ ጥሩ ውጤት አግኝቶ፣ ተራራና ደን ባለበት መጥፎ ውጤት ቢያገኝ፣ ሁለቱን ሲያማክል ሁሉም ደህና ይመስላል። ስለዚህ ኮሚሽኑ በ2010 ልኩ በየአውራጃው ወይም በየጥሪ ማዕከሉ ክልል ተለይቶ እንዲሟላ አዘዘ። የክፍላችን አማካይ ውጤት 70 ነው ማለት የወደቀ ተማሪ የለም ማለት እንዳልሆነ ተማሪዎቻችን ያውቁታል።

4. 50 ሜትር ስንት ነው?

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ስልኩ የሚገኝበት ቦታ በ300 ሜትር ውስጥ ነው ሲባል የፍለጋው ክብ ስፋት 3.14 × 300 × 300 = 282,600 ካሬ ሜትር ነው። በ50 ሜትር ውስጥ ሲሆን ደግሞ 3.14 × 50 × 50 = 7,850 ካሬ ሜትር ነው። ርቀቱ በ6 እጥፍ ቀነሰ፤ የሚፈለገው መሬት ግን በ36 እጥፍ ቀነሰ። 7,850 ካሬ ሜትር ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ትንሽ ይበልጣል።

በሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ድል ነው። የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው በአንድ የኳስ ሜዳ ስፋት ውስጥ ካለ ይታያል። በናይሮቢ ኢስሊ ወይም በአዲስ አበባ ቦሌ ግን በዚያ ስፋት ውስጥ በርካታ ሕንፃዎች፣ በየሕንፃው ብዙ ፎቆች፣ በየፎቁም ብዙ በሮች አሉ። የቱን በር እናንኳኳ?

በዚህ ምክንያት ኮሚሽኑ በ2015 ቤት ውስጥ የሚደረጉ ጥሪዎችንም የሚያካትት ጠንካራ ደንብ አወጣ። ኩባንያዎቹ ወይ የበር አድራሻውን (መንገዱን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ፎቁንና ክፍሉን) መስጠት፣ ወይም ደግሞ ቦታውን በ50 ሜትር ውስጥ ማግኘት ነበረባቸው። ይህም በ2 ዓመት ውስጥ ለ40 በመቶ፣ በ3 ዓመት ለ50 በመቶ፣ በ5 ዓመት ለ70 በመቶ፣ በ6 ዓመት ለ80 በመቶ ጥሪዎች እንዲሟላ የጊዜ ሰሌዳ ወጣለት። ኮሚሽኑ ትክክለኛ ቦታ ማወቅ በዓመት ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕይወት ሊያድን እንደሚችል ገምቶ ነበር።

5. ስንተኛ ፎቅ?

የቀረው ከፍታ ነው። በ2019 ኮሚሽኑ ከፍታን ለመለካት ለሚችሉ ስልኮች ልኩን ወሰነ፦ ከ80 በመቶ ጥሪዎች ላይ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ። 3 ሜትር የአንድ ፎቅ ቁመት ያህል ነው። ትእዛዙ በመጀመሪያ በ25ቱ ትልልቅ የገበያ አካባቢዎች፣ ቀጥሎም በ50ዎቹ፣ በመጨረሻም በመላ አገሪቱ እንዲተገበር ተደረገ።

ስልክ ከፍታን የሚለካው እንዴት ነው? በብዙ ስልኮች ውስጥ የአየር ግፊት የሚለካ ትንሽ ባሮሜትር አለ። ወደ ላይ ስንወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ በ1 ሜትር 12 ፓስካል ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ስስ በሆነበት በናይሮቢ ከፍታ ደግሞ በ1 ሜትር 10 ፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ማለት 30 ፓስካል ያህል ነው። የናይሮቢ ጠቅላላ የአየር ግፊት 83,000 ፓስካል ገደማ መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ይገባናል። በዚያ ላይ የአየሩ ሁኔታ ራሱ ከጠዋት እስከ ማታ ግፊቱን ከ30 ፓስካል በላይ ሊለዋውጠው ይችላል። ስለዚህ የስልኩ ንባብ በአቅራቢያ ካለ የታወቀ ጣቢያ ንባብ ጋር እየተነጻጸረ መታረም አለበት።

ይህ ሁሉ ተሳክቶ ቁጥሩ ቢመጣ እንኳ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የሚመጣው ቁጥር የምድርን ቅርጽ ከሚወክል የሒሳብ መነሻ የተለካ ከፍታ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች «ደዋዩ በዚህን ያህል ሜትር ከፍታ ላይ ነው» ሲባሉ «ታዲያ ስንተኛ ፎቅ ነው? ስንት ደረጃ ልውጣ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የየሕንፃው ወለል ከፍታ ካልታወቀ ሜትርን ወደ ፎቅ መለወጥ አይቻልም። ልኬት አድራሻ አይደለም።

6. አውሮፓ፦ ስልኩ ራሱ ይናገር

አሜሪካ ኩባንያዎቹን በሜትር ስታስገድድ በአውሮፓ ሌላ መንገድ ተገኘ። በ2014 በእንግሊዝ አገር ቀላል የሚመስል ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። ሰው የአደጋ ጊዜ ቁጥር ሲደውል ስልኩ ያንን ቁጥር ያውቀዋል፤ ጂፒኤሱና ዋይፋዩ ቢዘጉም ራሱ ይከፍታቸዋል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቦታውን ያሰላና ደዋዩ ምንም ሳይነካ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለማዕከሉ ይልካል። ከዚያም ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ አሠራር ከ2016 ጀምሮ በአንድሮይድ ስልኮች፣ ከ2018 ጀምሮ በአይፎን ውስጥ ገባ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ የደዋዩ ቦታ ከኔትወርክም ከስልኩም ተወስዶ ጥሪው እንደተገናኘ ያለ መዘግየት ለማዕከሉ እንዲደርስ፣ ይህም ለደዋዩም ለማዕከሉም ነፃ እንዲሆን አዘዘ። ከመጋቢት 17 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ በኅብረቱ ገበያ ላይ የሚውል ስማርት ስልክ ሁሉ ለአደጋ ጥሪ በሳተላይትና በዋይፋይ ቦታውን ማሳወቅ የሚችል እንዲሆን ተደነገገ። እዚህ ላይ ግዴታው በስልክ አምራቹም ላይ እንደወደቀ ልብ በሉ።

የልጅቷ ጥያቄ ሁለተኛ ግማሽ እዚህ ጋ ይመለሳል። ችሎታው በብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ አለ። ነገር ግን ስልኩ የሚናገረው የሚቀበለው ማዕከል ሲኖር ነው። አንድ አገር መልእክቱን የሚቀበል ሥርዓት ካላዘጋጀ፣ ኩባንያዎቹንም ካላስተባበረ፣ ያው ስልክ በአንድ አገር አድራሻ ይናገራል፤ በሌላ አገር ዝም ይላል።

7. የሚያድን ዓይን፣ የሚሰልል ዓይን

ወላጆች እዚህ ላይ «ታዲያ ስልኬ ሁልጊዜ ያለሁበትን ለሌላ ሰው ይናገራል ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው። በአደጋ ጊዜ የሚያድነን መረጃ በሰላም ጊዜ ሊጎዳን ይችላል። ከባሏ ዱላ ሸሽታ የተደበቀች ሴት ቦታዋ ለፖሊስ እንዲታወቅ ትፈልጋለች፤ ለባሏ እንዲታወቅ ግን አትፈልግም።

ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። የአሜሪካው ኮሚሽን በ2024 የደንበኞችን የቦታ መረጃ ያለ ፈቃድ ለሌሎች አሳልፈው ሰጥተዋል ያላቸውን ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች በድምሩ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጥሎባቸዋል፤ ኩባንያዎቹም ቅጣቱን በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ስለዚህ ጥሩ ሕግ ሁለት ክንፍ አለው። አንዱ «ሲደወል ቦታውን ስጥ» ይላል። ሁለተኛው «ለዚህ ብቻ፣ ለዚህ ጊዜ ብቻ» ይላል።

8. ለእኛስ?

ብዙዎቻችን በዋሽንግተንና በአካባቢው ዘመድ አለን። በዚያ ከተማ በ2004 በወጣ የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ የአስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆኖም አንዲት እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ሲደውሉ አስተርጓሚ እስኪገኝ ጊዜ ያልፋል። በዚያ መሀል ቦታቸው በማዕከሉ ኮምፒውተር ላይ ከታየ እርዳታው መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ቋንቋ ለሚያጥረው ሰው ይህ ደንብ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል።

እዚህ ናይሮቢ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ቁጥሮቹ 999 እና 112 ናቸው። በአገር ቤት ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሕጉና ማዕከሉ እስኪሟሉ ድረስ አድራሻው እኛው አፍ ላይ መኖር አለበት። የሚከተሉትን በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ አድርጉ።

• የሰፈሩን፣ የመንገዱን፣ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የበሩን ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ በውጭ በር ጀርባ ለጥፉ።
• በአቅራቢያ ያለ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ምልክት፣ ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ትምህርት ቤት፣ አብራችሁ ጻፉ። «ከነዳጅ ማደያው ጀርባ» ከሚለው ይልቅ «ከማደያው ቀጥሎ በስተግራ ሦስተኛው በር» ይሻላል።
• ትንንሾቹ ልጆች ይህን በስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው እንዲሉት አለማምዷቸው። አያቶችም ይልመዱት።
• በስትደውሉ ጊዜ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ወዴት እንደሚመጡ ያውቃሉ።
• አንድ ሰው ወደ ታች ወርዶ አምቡላንሱን በር ላይ ይጠብቅ።

የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ናት። በራቸው ጀርባ ያለውን ወረቀት የጻፈችው ራሷ ናት፤ በአማርኛም በስዋሂሊም። አያቷ ማንበብ አይችሉም፤ ግን በቃላቸው ይዘውታል።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሕግ ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል፣ ውሻው ጅቡ ሳይሄድ እንዲጮህ ማድረግ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ ስልክ ሰዓት በአሥር ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢሳሳት የርቀቱ ስሕተት ስንት ሜትር ይሆናል?
2. የፍለጋው ክብ ሬዲየስ ከ150 ሜትር ወደ 50 ሜትር ቢወርድ ስፋቱ በስንት እጥፍ ይቀንሳል?
3. በ1 ሜትር 10 ፓስካል ይቀንሳል ብለን፣ መሬት ላይና ላይኛው ፎቅ ላይ የተለካው ግፊት በ150 ፓስካል ቢለያይ፣ አንድ ፎቅ 3 ሜትር ከሆነ ደዋዩ ስንት ፎቅ ወጥቷል?
4. የሕግ አውጪ ብትሆኑ ግዴታውን በማን ላይ ትጥሉ ነበር? በስልክ ኩባንያው፣ በስልክ አምራቹ ወይስ በጥሪ ማዕከሉ? ምክንያታችሁን ጻፉ።
5. ለቤተሰብ የሚቀርብ ጥያቄ፦ ዛሬ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ ብቻውን ቢደውል «የት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ምን ይመልሳል?